ቀለም በሊዎቹን ፍለጋ ከደሴ ነቀምት

ከደሴ ነቀምት የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። እኔ ግን ለመነሳት ብቻ አንድ ሙሉ ክረምት አለፈብኝ። ያስቸገረኝ መንገዱ አልነበረም፤ እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው ነው።

ገመቹ ይባላል። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪያችንን ስንማር ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ነበር የምንጠቀመው። የሁለታችንም ሥራ አንድ ነው፤ ከክርና ከጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣውን ፍሳሽ በባክቴሪያ ማጥራት። ቀለም ሲሠራ ክር ላይ ጸንቶ እንዲኖር ተብሎ ስለሚሠራ ፀሐይም ሳሙናም በቀላሉ አያስለቅቁትም፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባም ያው ነው። ከባክቴሪያ ወገን ግን ይህን ቀለም ሰባብረው የሚበሉ አሉ። እነሱን ፈልጎ ማግኘት፣ ማራባት፣ ፍሳሹ ውስጥ እንዲኖሩ ማድረግ ነው ጣጣው።

ስንመረቅ እሱ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ነቀምት ገባ። እኔ ደሴ ተመልሼ አንድ የክር ማቅለሚያ ቤት ውስጥ የፍሳሽ ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ለዓመታት ያልሞከርኩት ዓይነት ባክቴሪያ የለም። የኔዎቹ አየር ወዳዶች ናቸው፤ በፓምፕ አየር ስነፋላቸው ይራባሉ፣ ይወፍራሉ፣ ቀለሙን ግን ዞር ብለው አያዩትም። ከግቢያችን በታች ያለው ቦይ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። የሰፈሩ ሰዎች አቤት ብለው ብለው በመጨረሻ ቀበሌው «ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት ውሃው ካልጠራ ቤቱ ይታሸጋል» አለ። ክር የሚነክሩት ሴቶች ጠዋት ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የኔን ፊት ነው።

ገመቹ ደግሞ በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። ሁለት ብርጭቆ፤ አንዱ ውስጥ እንደ ቀለም ብልቃጥ የጠቆረ ፍሳሽ፣ ሌላው ውስጥ የምንጭ ውሃ የመሰለ። ከሥሩ «ሰይዶ፣ ሠሩልኝ» ብሎ ጽፏል። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ቀናት ወሰደብኝ፤ ላየው ልምጣ ለማለት ደግሞ እስከ ጥር።

ሰኞ

ከደሴ በማለዳ ተነሳን። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ነቀምት።»

«ለሥራ ነው?»

«ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው» አልኩ። ልለምነው ነው ማለት አፌ ላይ አልመጣም።

ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን፣ የጣርማበርን ጉም አልፈን አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባን። አውቶቡስ ተራ አጠገብ የያዝኩት አልጋ ቧንቧው ደርቋል። የቤቱ ሠራተኛ አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ቆጥበው ይጠቀሙ» አለችኝ። ደሴም ውሃ ይጠፋል። ደሴ ግን ውሃ ሲጠፋ የትኛው ጎረቤት እንዳለው አውቃለሁ።

ማክሰኞ

ሆለታ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ። እኛ ወሎ ዳገት ላይ ድንጋይ ለቅመን ነው የምናርሰው። እዚህ ሜዳው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ አፈሩ ቀይ ነው፤ በበጋ እንኳ ዛፉ ቅጠሉን አልጣለም። በመስኮት እያየሁ ለገመቹ ይህም ተሰጥቶታል እያልኩ አስብ ነበር። በማላውቀው ሰው እርሻ እንኳ በሱ ላይ ቀናሁ።

ኬላ ላይ ወረድን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተሳፈርን። ባኮ ምሳ ስንበላ ረዳቱ ከጣሪያው ሆኖ ጮኸ። ከላይ የተጫነ የቅቤ ጀሪካን አፉ ተከፍቶ በፀሐይ የቀለጠው ቅቤ ቦርሳዬ ላይ ወርዷል። አዲሱ ጃኬቴ፣ ገመቹ ፊት ልለብሰው የገዛሁት፣ በቅቤ ርሷል። የጀሪካኑ ባለቤት ሴትዮ በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ቃሉ ባይገባኝም ፊታቸው ገባኝ። ቅቤያቸው የፈሰሰባቸው እሳቸው ሆነው ሳለ የሚያጽናኑት እኔን ነበር።

ነቀምት ስንደርስ ገመቹ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። ትንሽ ወፍሯል፤ ፀጉሩ ግን እንዳለ ነው። የኔ ከፊት ሸሽቷል።

«ባጋ ነጋን ዱፍቴ!» እንኳን ደህና መጣህ አለና አቀፈኝ። ከዚያ አሸተተኝ። «ምንድን ነው፣ ሙሽራ ሆነህ ነው የመጣኸው?»

ቤቱ ጨለለቂ የሚባል ሰፈር ነው። በባጃጅ ስንሄድ የሚያውቀው ሰው ብዛት አስገረመኝ። «ኦቦ ገመቹ፣ አካም?» ይላል ሱቁ፣ «ፈያዳ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ፤ ሰላምታው አያልቅም። ደሴ ቦዩ አጠገብ ሳልፍ ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ።

እናቱ አዴ ድንቄ፣ እኛ እትዬ እንደምንለው፣ አማርኛ ብዙ አይችሉም። ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ ሳልናገር ጃኬቴን ከእጄ ወስደው ሳፋ ውስጥ ነከሩት። እራት አንጮቴ ነበር፤ ተቀቅሎ ተፈጭቶ በቅቤና በቅመም የተለወሰ ሥር። እኛ ጋ ድንች ከዚህ ጋር ለመወዳደር አይነሳም። ሳህኔ ሲጎድል አዴ ድንቄ «ኛዱ፣ ኢልመ ኮ» እያሉ ይጨምራሉ። ብላ ልጄ ማለታቸው ነው። የኔ እናት ካረፈች ቆይታለች። ገመቹ እናቱን ልብ ሳይል ስልኩን እያየ ሲበላ፣ ይህንንም እንዳለው አያውቅም አልኩ በልቤ።

ረቡዕ

ማቅለሚያው በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ የሴቶች ማኅበር ነው። ክር ነክረው ለሸማኔዎች ይሸጣሉ። ሊቀመንበሯ አዴ ጫልቱ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ናቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነው።

ከግቢው ጀርባ በቱቦ የተያያዙ ጥቁር የላስቲክ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ክዳናቸው በጎማ ታስሯል። በአንዱ ጫፍ ከገንዳው የሚመጣው ጥቁር ሰማያዊ ፍሳሽ ይገባል። ገመቹ በሌላው ጫፍ ያለውን ቧንቧ ከፍቶ በብርጭቆ ቀዳልኝ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ጣቴ በማዶ ይታያል። 

«ከየት አመጣሃቸው?»

«ከዚሁ። ፍሳሹ ለዓመታት ሲወርድበት ከነበረው ቦይ ጭቃ ዘገንኩ። እዚያ መኖር የለመደ ነገር አይጠፋም ብዬ። በሞላሰስ፣ በስኳር አተላ ቀለብኳቸው። ከዚያ ዘጋሁባቸው።»

«አየርስ?»

ሳቀ። «ያኔ አንተ ፓምፑን ይዘህ ቀኑን ሙሉ ስትነፋ ትዝ ይልሃል? እኔ እዚህ ፓምፕ አልነበረኝም። ስለሌለኝ ዘጋሁት። አየር ሲያጡ ነው ለካ ቀለሙን የሚሰብሩት።»

ይህ በመጻሕፍት ያለ ነገር ነው፤ አንብቤዋለሁ። ግን ፓምፕ ያለው ሰው ፓምፑን አጥፍቶ መቀመጥ አይሆንለትም። እሱ በማጣቱ አገኘ። በላቡ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዓይኔ ከቧንቧው ሥር ወደሚነሳ ትንሽ ቦይ ሄደ። ቦዩ ወደ ማኅበሩ የጓሮ ጎመን ይወርዳል። ጎመኑ ለጥ ብሎ ሰፍቷል።

ቆምኩ። ያለ አየር የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ቀለሙን ይሰብሩታል እንጂ አይጨርሱትም። ስብርባሪው ቀለም ስለሌለው አይታይም፤ አንዳንዱ ግን ከቀለሙ ይልቅ ይመርዛል። አየር ባለበት ሌላ በርሜል ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ካልበሉት ውሃው ከነመርዙ ነው የሚወጣው። እዚህ ሌላ በርሜል የለም። ሴቶቹ የሚበሉትን ጎመን እያየሁ ደስ አለኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር።

ለብቻው ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ምሳ በአንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ቀረበ። አዴ ጫልቱ ቅዳሜ ከከተማው ጽሕፈት ቤት እንግዶች በርሜሎቹን ሊያዩ እንደሚመጡ እየነገሩኝ «የኛ ልጅ ኮራንበት» አሉ። ያኔ ነው የተናገርኩት።

«ውሃው ጠርቷል እንጂ አልጸዳም» አልኩ። ስብርባሪውን፣ መርዙን፣ ጎመኑን፣ ሁሉንም አስረዳሁ። ድምፄ ክፍል ውስጥ የማስተምር ይመስል ነበር።

ገመቹ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። አማርኛው ያልገባቸው ሁለት ሴቶች «ማል ጄዴ?» አሉ። ምን አለ?

ይቀንስልኛል፣ ወይም ያልፈዋል ብዬ ጠበቅኩ። ገመቹ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና ያልኩትን ሁሉ በኦሮምኛ ተረጎመላቸው፤ ሳይቀንስ፣ ሳያለዝብ። ኦሮምኛዬ ትንሽ ቢሆንም የሰማሁትን አውቃለሁ። 

አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው «ጎመኑን እኮ በልተናል፤ ልጆቹም በልተዋል» አሉ።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። ድምፄ ወረደ። «ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው እናረጋግጠው» አለ ገመቹ።

ከሰዓት በኋላ ቦዩን በድንጋይ ደፈነው። ከዚያ ከገበያ ፌጦ ገዝተን በሳህን ጥጥ አነጠፍን፤ ፌጦ ቶሎ ስለሚበቅል ለእንዲህ ያለ ሙከራ ይመቻል። አንዱን ሳህን በቧንቧ ውሃ፣ አንዱን በጥሬው ፍሳሽ፣ አንዱን በጠራው ውሃ አራስን። ገመቹ አራተኛ ሳህን አመጣ።

«ይሄ የጨው ውሃ ነው» አለ። «ክር ሲነከር ጨው ይገባል። ፌጦው ቢደርቅ ከጨው ይሁን ከመርዝ በምን እናውቃለን?»

ትክክል ነው። እኔ አላሰብኩትም ነበር። በገዛ ራሱ ላይ በሚደረግ ምርመራ እንኳ ቀደመኝ።

ሐሙስ

ፌጦው እስኪበቅል ገመቹ «ኡኬ ያሉትን አክስትህን ጠይቃቸው» ብሎ ሚኒባስ ላይ ሰቀለኝ። የረቡዕን ነገር አላነሳም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

አክስቴ ዘሀራ በድርቁ ዘመን በሰፈራ የሄደች ናት፤ ያኔ ልጅ ነበረች። አባቴ ስሟን ሲያነሳ «ያቺ ምስኪን» ይላል። ኡኬ ትንሽ ቆላማ ከተማ ናት፤ ስወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። አክስቴን በማንጎ ዛፍ ሥር በቆሎ ስትፈለፍል አገኘኋት፤ ከኋላዋ ጎተራዋ እስከ አፉ ሞልቷል። ምስኪኑስ አባቴ ነው አልኩ።

«ያረቢ! የወንድሜ ልጅ?» ብላ ፊቴን ዳሰሰችው። አማርኛዋ የደሴ ገጠር እንዳለ ነው፤ ልጆቿን ስትጠራ ግን ኦሮምኛ ነው፤ ጎረቤቷን «አዴ» ትላለች። ዶሮ ላርድ ስትል አይሆንም አልኩ። «አብሽር፣ አንተን ማን ጠየቀህ» አለችና ልጇን ቢስሚላህ አሰኝታ ዶሮውን አሳረደችው።

ከበላን በኋላ ነገርኳት፤ ስለ ገመቹ፣ ስለ ውሃው፣ ምሳ ላይ ስለተናገርኩት።

«ሰውየው ከፍቶብሃል?»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያቃጥልህ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ፈልፍላ የጨረሰችውን ቆረቆንዳ ወረወረችው። «እዚህ እንደመጣን አፈሩ ምን እንደሚያበቅል አናውቅም። ጎረቤቴ ታውቃለች። ጓሮዋ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። አንድ ቀን የአንጮቴ ዘር ሰጠችኝ፤ እኔ ሳልጠይቃት። ከሷ እጅ መቀበል ከበደኝና አስቀምጬው ነቀዘ። በዓመቱ ደግማ ሰጠችኝ።»

«ተከልሽው?»

«ርቦኝ ነበራ» አለች። 

ዓርብ

ስመለስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ፤ መለዋወጫውም አየር የለውም። የመንገዱ ቀይ አቧራ ቅንድባችን ላይ ተቀመጠ። ጁምዓ አመለጠኝ። አንድ ገበሬ ዘንቢል ሙዝ አምጥቶ ለሁላችንም አደለን፤ ዋጋውን ስንጠይቅ የሰደብነው ያህል ገላመጠን። ነቀምት ስገባ መሽቶ ነበር። አዴ ድንቄ አንገታቸውን በበሩ አስወጥተው ሲጠብቁኝ አገኘሁ። ጃኬቴ ታጥቦ፣ ተተኩሶ አልጋዬ ላይ ታጥፏል፤ ቅቤ ቅቤ አይልም።

ቅዳሜ

ሳህኖቹን የከፈትነው እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው። በቧንቧ ውሃ የራሰው ፌጦ ነጭ ሥሩን እንደ ጣት ዘርግቷል። በጨው ውሃ ያለው አጠር ያለ ቢሆንም በቅሏል። በጥሬው ፍሳሽ ያለው ቀጭጯል። በጠራው ውሃ ያለው ተሰንጥቆ፣ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ሥር የሚባል የለውም።

ትክክል ነበርኩ። ለዓመታት ከሱ ጋር ስፎካከር እንዲህ በግልጽ ያሸነፍኩበት ቀን አልነበረም።

እንግዶቹ መጡ። ገመቹ ብርጭቆውን ብቻ ሊያሳያቸው ይችል ነበር። በእሱ ቦታ ብሆን ሳህኖቹን ጓዳ አስገባቸው ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ከዚያ ሳህኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። «ሥራው ግማሽ ላይ ነው» አላቸው። «ውሃው ገና መርዝ አለበት። ይህን ያየው ጓደኛዬ ሰይድ ነው፤ ከደሴ ድረስ መጥቶ።» አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ከውስጤ አልገባም። ውሃውን ማጥራቱን ቀንቼበት ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዲህ ብሎ መናገር መቻሉን ቀናሁበት። የመጀመሪያውን መማር ይቻላል።

እንግዶቹ ሲሄዱ አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጎመኑን መንቀል ጀመሩ። እኔም ገባሁ። ከጎኔ እየነቀሉ «ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎን ይሄድ ነበር» አሉኝ።  ምሳ ላይ ያናገረኝ ምን እንደነበር አያውቁም፤ ወይም አውቀው ትተውታል።

አመሻሹ ላይ ገመቹ ባዶው መደብ ዳር ተቀመጠ። «አየር የሚነፋበት በርሜል መጨመር ቀላል ነው» አለ። «ስብርባሪውን የሚበሉ ግን የሉኝም። ከጭቃው ሞከርኩ፤ አየር ሳገባ ይሞታሉ።»

ደሴ ያሉት የኔዎቹ ትዝ አሉኝ። አየር ወዳዶቹ፣ ወፍራሞቹ፣ ለዓመታት በከንቱ የቀለብኳቸው። እሱም ትዝ ሳይሉት አይቀሩም፤ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ። አልጠየቀኝም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

እሑድ

ሳልለምነው አንድ ጀሪካን ጥቁር ጭቃ ሰጠኝ። አየር እንዳያገኝ እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን በላስቲክ ጠፍሮታል። «ሞላሰሱን አትርሳ፤ ሲርባቸው ይተኛሉ» አለ። አዴ ድንቄ አንጮቴ በፌስታል አስይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። ይህን ሁሉ ስጠኝ ብዬ የምለማመጥበትን ንግግር ከደሴ ጀምሮ ሳዘጋጅ ነበር። አንዷም ቃል አላስፈለገችም።

ጌዶን እንዳለፍን ጀሪካኑ በጭኔ ላይ ማበጥ ጀመረ። ባክቴሪያዎቹ ሞላሰሱን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ። ሳይፈነዳ ላስተንፍሰው ብዬ ክዳኑን ላላ ሳደርገው አውቶቡሱ በግም እንቁላል ሽታ ተሞላ። ተሳፋሪው አፍንጫውን ያዘ። ረዳቱ መጥቶ «ወርውረው!» አለ።

«መድኃኒት ነው፣ ወንድሜ።»

«የምን በሽታ?»

«የውሃ» አልኩት። ምን እንደገባው እንጃ፤ ጀሪካኑን ከኋላው በር አጠገብ አስቀምጬ እኔም እዚያው ቁጭ እንድል ፈቀደልኝ። እስከ አዲስ አበባ መስኮት ከፍተን በአቧራ ነጭተን ገባን።

ደሴ

የገመቹ ባክቴሪያዎች መንገዱን ችለው ሠሩ። በርሜል ዘግቼ፣ ፓምፔን አጥፍቼ ጠበቅኩ። ክረምት ከመግባቱ ብዙ ቀድሞ ጥቁሩ ፍሳሽ በወዲያኛው ጫፍ ጠርቶ ወጣ። ሴቶቹ ብርጭቆውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት፤ የቀበሌው ሰው አይቶ ማስጠንቀቂያውን አነሳ። እኔ ግን «ገና ነው» ብዬ ሌላ በርሜል ጨመርኩ፤ አየር የሚነፋበት፣ የኔዎቹ የገቡበት። ከዚያ በወጣው ውሃ ያራስኩት ፌጦ ነጭ ሥር አወጣ።

ሁለቱም ግማሽ እኔ ጋ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከገመቹ ቀድሜያለሁ። ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። ጠዋት ጠዋት ሳህኑን እየከፈትኩ ብቻዬን አየዋለሁ።

ከዚያ ደወለ።

«ሰይዶ፣ ሠሩልህ?»

«ሠሩ።»

«ተመስገን!» አለ። ደስታው የራሱ ያህል ነው።

«አንተስ ጋ?»

«እዚያው ግማሹ ላይ ነኝ። ውሃውን ጉድጓድ ቆፍረን እያጠራቀምን ነው። ጎመን ከገበያ ይገዛሉ። እናቴ ሰላም ብላሃለች፤ ጃኬቱን ይልበስ ትላለች።»

 ሊጠይቀኝ ያለ መሰለኝ። «በል ደህና ሁን» አለና ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ከሁለተኛው በርሜል አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሞላሁ። አፉን በጥጥ ብቻ ወተፍኩት፤ እነዚህ ደግሞ ሲዘጉ ይሞታሉ። መናኸሪያ ወርጄ አዲስ አበባ ላይ ለነቀምቱ አውቶቡስ ለሚያስተላልፍልኝ ሹፌር ሰጠሁትና «ዳሽቦርዱ ላይ ይቀመጥ፣ እንዳይከደን፣ አየር ይወዳሉ» አልኩት። እኔ ጋ ከሠሩት በተሻለ እሱ ጋ እንደሚሠሩ እርግጠኛ ነኝ፤ እሱ እንዲህ ነው። እንግዶች ይመጣሉ፣ አዴ ጫልቱ «የኛ ልጅ» ይላሉ፣ እሱም ስሜን ይጠራል።

አውቶቡሱ ሲወጣ ቅናቱም አብሮት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ቀርቷል። ጠርሙሱ ግን ሄዷል።